የቆዳ ኪንታሮትን መለየትና በመሐል አዲስ አበባ የቆዳ ስፔሻሊስት ማግኘት

በጣት ወይም በውስጥ እግር ላይ ሻካራና ጠንካራ እብጠት ሲወጣ፣ አብዛኛው ሰው ወደ ሐኪም ከመሄዱ በፊት የሰማውን ሁሉ ይሞክራል። አንዱ በምላጭ ይቆርጠዋል፤ ሌላው በፈረስ ጭራ አስሮ ደርቆ እስኪወድቅ ይጠብቃል፤ የቅንጭብ ወይም የቁልቋል ወተት የሚያንጠባጥብበት፣ ከዚያም አልፎ የባትሪ አሲድ የሚቀባው አለ። ብዙዎቹ ኪንታሮቶች ጊዜያቸውን ጠብቀው በራሳቸው ስለሚጠፉ የተሞከረው ሁሉ የሠራ ይመስላል። ይሁን እንጂ የቆዳ ኪንታሮት ራሱ ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ፣ ምንነቱ ሳይታወቅ የሚደረግለት መቁረጥና ማቃጠል የሚያስከትለው ጉዳት የሚብስበት ጊዜ ብዙ ነው። ጠባሳ የሚቀረው፣ ቁስሉ የሚያመረቅዘው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኪንታሮት ያልሆነ ሌላ ሕመም በኪንታሮት ስም ወራት የሚያስቆጥረው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ከማንኛውም ሕክምና በፊት የወጣው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ይቀድማል፤ ራስዎ መለየት ካልቻሉ ደግሞ የሚለይልዎት ባለሙያ ከተማው ውስጥ አለ።

ከምን ይመጣል?

የኪንታሮት መነሻ ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአጭሩ ኤችፒቪ የሚባለው ቫይረስ ነው። ከ200 የሚበልጡ ዓይነቶች ያሉት ሲሆን እያንዳንዱ የሚያዘወትረው የሰውነት ክፍል አለው፤ 1፣ 2 እና 4 ቁጥር የተሰጣቸው በእጅና በእግር ላይ የሚወጣውን፣ 3 እና 10 ጠፍጣፋውን የፊት ኪንታሮት፣ 6 እና 11 ደግሞ በብልት አካባቢ የሚወጣውን ያመጣሉ። ቫይረሱ በዓይን በማይታይ ጭረት ወይም ውኃ ባራሰው ቆዳ በኩል ገብቶ የላይኛው የቆዳ ሽፋን ሴሎች ያለ ልክ እንዲራቡ ያደርጋል። በደም አይዘዋወርም፤ ወደ ሥጋና ወደ አጥንትም ሥር አይሰድም። «ሥሩ ካልተነቀለ ተመልሶ ይወጣል» ተብሎ እስከ ሥጋ ድረስ የሚቆረጠው እንግዲህ ያለ አግባብ ነው። ኪንታሮት ተመልሶ የሚወጣው፣ በዙሪያው ባለው ጤነኛ በሚመስል ቆዳ ውስጥ ቫይረሱ ስለሚቀር ነው።

ቫይረሱ ከገባ በኋላ ኪንታሮቱ እስኪታይ ከጥቂት ሳምንታት እስከ ብዙ ወራት ሊቆይ ይችላል። በዚህ የተነሣ ከማን እንደተያዘ ለማወቅ መሞከር አብዛኛውን ጊዜ ሰውን ያለ ማስረጃ ከመጠርጠር በቀር ፍሬ የለውም። ኮከብ በመቁጠራቸው እንደወጣባቸው የተነገራቸው ልጆችም ምንም እንዳላጠፉ ሊነገራቸው ይገባል፤ በእጃቸው ማፈር የሚጀምሩት ከዚህ ነውና።

ከመተላለፊያ መንገዶቹ ሁሉ ልብ ሊባል የሚገባው የራስን ኪንታሮት በራስ ማዛመት ነው። ጥፍሩን የሚነክስ ልጅ በየጥፍሩ ዙሪያ ይዘራዋል፤ ጢሙን በየቀኑ የሚላጭ ሰው ምላጩ በሄደበት መስመር ጠፍጣፋ ኪንታሮቶችን ፊቱ ላይ ይደረድራል። በፀጉር ቤት የአንገት መላጫው ምላጭ በፊትዎ ከማሸጊያው መውጣቱን ማየት፣ ለፔዲኪዩር ሲሄዱ የራስን መሞረጃ ይዞ መሄድ፣ እርጥብ ወለል ባላቸው የጋራ ሻወሮችና ጂሞች ነጠላ ጫማ አለማውለቅ ቀላል ጥንቃቄዎች ናቸው። ጥሬ ሥጋ ሲቆርጡ የሚውሉ የሥጋ ቤት ሠራተኞች እጃቸው ላይ ከሌላው ሰው ይልቅ ኪንታሮት እንደሚበዛባቸው በሕክምናው ዘንድ ከታወቀ ቆይቷል፤ ለእነርሱ የሥራ ጓንት ማድረግና የእጅን ቁስል ሸፍኖ መሥራት ይጠቅማቸዋል።

ኪንታሮት ነው ወይስ ሌላ?

በቀን ብርሃን በመስኮት አጠገብ ተቀምጠው የስልክዎን ካሜራ አጉልተው እብጠቱን ይመልከቱት። በጤነኛ ቆዳ ላይ የጣት አሻራን የሚሠሩት ጥቃቅን መስመሮች ኪንታሮት ጋ ሲደርሱ ይቋረጣሉ ወይም ዙሪያውን ያልፋሉ። የላዩ ደረቅ ቆዳ በለዘብታ ሲሞረድ ደግሞ ከጤፍ ቅንጣት ያነሱ ጥቁር ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ እነዚህ በውስጣቸው ደም የረጋባቸው ጥቃቅን የደም ሥሮች ናቸው። በጫማ ጥበት የሚመጣው የቆዳ መደንደን ግን መስመሮቹን አያቋርጥም፤ ነጠብጣብም የለውም። ሌላም መለያ አለ፤ የደነደነ ቆዳ ከላይ ወደ ታች ሲጫኑት ያማል፣ ኪንታሮት ደግሞ ከግራና ከቀኝ ቆንጠጥ ሲያደርጉት ይበልጥ ያማል። ይህ መለያ ሁልጊዜ አይሠራም፤ ቢሆንም ከመስመሮቹና ከነጠብጣቦቹ ጋር አብሮ ሲገኝ ጥሩ ፍንጭ ይሆናል።

በልጆች ገላ ላይ የሚወጡ፣ የሚያብረቀርቁና መሐላቸው ሰርጎድ ያለ ክብ እብጠቶች ሞለስከም የሚባል ሌላ ቫይረስ የሚያመጣቸው ናቸው። በጎልማሶች ጉንጭና በዓይን ዙሪያ በዕድሜ የሚበዙት ጥቃቅን ጥቁር እብጠቶች፣ በአንገትና በብብት የሚንጠለጠሉት ለስላሳ ቅጥያዎችም ኪንታሮት አይደሉም፤ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፉም፤ ለመልክ ካልሆነ በቀርም ሕክምና አያስፈልጋቸውም።

አሳሳቢው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ሜላኖማ የሚባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ እምብዛም አይከሰትም፤ ሲከሰት ግን በብዛት የሚወጣው በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። ኪንታሮት በሚወጣበት ቦታ ስለሚወጣም በቀላሉ ያሳስታል። ስለዚህ በውስጥ እግር ላይ ዳሩ ወጣ ገባ የሆነ ጥቁር ነገር እየሰፋ ከሄደ፣ በጥፍር ውስጥ ጥቁር መስመር ወጥቶ እየወፈረ ከመጣ፣ ወይም ኪንታሮት የተባለው ነገር ሳይነካ የሚደማ፣ የሚቆስልና የማይድን ከሆነ፣ አሲድም ምላጭም ሳያስነኩት በቀጥታ ወደ ሐኪም ሊሄዱ ይገባል። በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥቶ በፍጥነት የሚያድግ ነጠላ እብጠትም እንደዚሁ ነው። በአጭር ጊዜ ውስጥ ኪንታሮት ፊትንና እጅን ከሞላ ደግሞ የሰውነት የመከላከል አቅም መዳከሙን ሊጠቁም ስለሚችል፣ ሐኪሙ የኤችአይቪ ምርመራ ቢያዝ እንደ ክስ ሊወሰድ አይገባም።

በቤት ሊደረግ የሚችለው

በልጆች ላይ ከሚወጡት ኪንታሮቶች አብዛኞቹ በ2 ዓመት ጊዜ ውስጥ ያለ ምንም ሕክምና ይጠፋሉ፤ በአዋቂዎች ላይ ይዘገያሉ። ስለዚህ የማያምና የማይበዛ ኪንታሮት ያለበትን ልጅ ማስጨነቅ አያስፈልግም፤ ሸፍኖ መጠበቅም አንድ ውሳኔ ነው። ሕክምና ከተፈለገ በቤት ውስጥ ሊሠራበት የሚችለው ሳሊሲሊክ አሲድ ነው፤ ለእጅ 17 በመቶ የሆነው ፈሳሽ፣ ለውስጥ እግር ወፍራም ቆዳ እስከ 40 በመቶ የሚደርሰው ፕላስተር ይሠራል። በከነማም ሆነ በሌሎች ፋርማሲዎች ሲጠይቁ መጠኑን በመቶኛ ይናገሩ፤ ለጭርት የሚሰጠው ዊትፊልድ ቅባትም ሳሊሲሊክ አሲድ አለው፣ ነገር ግን 3 በመቶ ብቻ ስለሆነ ለኪንታሮት አይበቃም።

አጠቃቀሙ ትዕግሥት ይጠይቃል። ማታ ኪንታሮቱን ለብ ባለ ውኃ ለ5 ወይም ለ10 ደቂቃ ይዘፍዝፉት፤ የረጠበውን የላይ ቆዳ ለዚሁ ብቻ በተለየ መሞረጃ ሳያደሙ ያንሱት፤ በደንብ ያድርቁት፤ በዙሪያው ያለውን ጤነኛ ቆዳ ቫዝሊን ይቀቡት፤ ከዚያ መድኃኒቱን በኪንታሮቱ ላይ ብቻ አድርገው ሲደርቅ በፕላስተር ይሸፍኑት። ይህ በየቀኑ እስከ 12 ሳምንት ሊቀጥል ይችላል። ቢቆስል ወይም ቢያቃጥል ለጥቂት ቀናት አቋርጦ መቀጠል እንጂ መጠን መጨመር አይገባም። በአንድ ሳምንት ለውጥ አላየሁም ብለው የሚተዉት ሰዎች ብዙ ናቸው፤ መድኃኒቱ የሚሠራው ቆዳውን በትንሽ በትንሹ በመላጥ ስለሆነ ከአንድ ወር በፊት ፍርድ መስጠት አይቻልም።

ይህ ዘዴ ለፊት፣ ለብልትና ለፊንጢጣ አካባቢ አይሆንም። የስኳር ሕመም ያለበት ወይም የእግሩ ደም ዝውውር የደከመ ሰው እግሩ ላይ ሊጠቀምበት በፍጹም አይገባም፤ የማይሰማው ትንሽ ቁስል እግር እስከ መቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። ከቅጠላ ቅጠሉ ወገን የቅንጭብና የቁልቋል ወተት በተለይ ሊፈራ ይገባዋል፤ አንዲት ጠብታ ዓይን ውስጥ ከገባች ብርሃን እስከ ማጥፋት የሚደርስ ጉዳት ታስከትላለች፤ የተቀባውን እጅ ረስቶ ዓይንን ማሸት ደግሞ ቀላል ነው።

ባለሙያውን ማግኘት

የመጀመሪያው ደጃፍ የወረዳዎ ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ የሚያይዎት ጤና መኮንን ወይም ጠቅላላ ሐኪም ተራውን ኪንታሮት ለይቶ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል፤ ከአቅሙ በላይ ከሆነም ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጽፋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ይህን ደረጃ መዝለል የለብዎትም፤ ያለ ሪፈር ወረቀት ሆስፒታል ሲሄዱ ወጪው በእርስዎ ላይ ይወድቃል። ካርድ ክፍል ሲጠየቁ «ኪንታሮት» ብቻ አይበሉ፤ «እጄ ላይ የወጣ የቆዳ ኪንታሮት» ብለው ቦታውን ይናገሩ፤ አለበለዚያ የፊንጢጣ ኪንታሮት መስሏቸው ወደ ቀዶ ሕክምና ወረፋ ሊመሩዎት ይችላሉ።

በቆዳ ሕክምና በአገሪቱ የረጅም ጊዜ ልምድ ያለው አለርት ሆስፒታል ነው። በዘነበወርቅ አካባቢ የሚገኘው ይህ ተቋም በ1958 ዓ.ም የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ የተቋቋመ ሲሆን፣ ዛሬ ከመላ አገሪቱ በሪፈር የሚመጡ የቆዳ ሕሙማንን ያያል። ከሥጋ ደዌ ጋር ስሙ ስለተያያዘ «እዚያ ታየሁ እንዳልባል» ብለው ከበር የሚመለሱ ሰዎች መኖራቸው ያሳዝናል። ሥጋ ደዌ በመድኃኒት የሚድን፣ ሕክምና ከተጀመረ በኋላም የማይተላለፍ በሽታ ነው፤ በወረፋ አብሮ መቀመጥ ማንንም አያስይዝም። ከመሐል ከተማ ለሚነሣ ሰው ቅርቡ ደግሞ በቸርችል ጎዳና ጫፍ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ፣ ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። በሁለቱም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማሩ ሐኪሞች ቀድመው ሊያዩዎት ይችላሉ፤ ይህ መናቅ ሳይሆን የማስተማሪያ ሆስፒታል ሥርዓት ነው፤ በአንድ ሕመም ላይ ሁለትና ሦስት ዓይን ማረፉ ለሕመምተኛው ይጠቅመዋል።

ወደ ግል ክሊኒክ የሚሄዱ ከሆነ ሰሌዳውን በጥንቃቄ ያንብቡ። «የቆዳና የአባላዘር በሽታዎች ስፔሻሊስት» የሚለው ማዕረግ ከሕክምና ዶክትሬት በኋላ ተጨማሪ የስፔሻሊቲ ሥልጠና የወሰደ ሐኪምን ያመለክታል፤ «ስኪን ኬር»፣ «ኤስቴቲክስ» ወይም «የውበት ማዕከል» የሚሉት ቃላት ግን ብቻቸውን ሐኪም መኖሩን አያሳዩም። የተቋሙ ፈቃድ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ መታየት ይኖርበታል፤ ደረጃውንና የተፈቀደለትን አገልግሎት ከዚያ ማንበብ ይቻላል። ስልክ ደውለው ስፔሻሊስቱ በየትኞቹ ቀናትና ሰዓታት እንደሚገኝ፣ የካርድ ክፍያው ለስንት ቀን እንደሚያገለግል፣ ኪንታሮቱን እጅግ በቀዘቀዘ ፈሳሽ ናይትሮጅን የማቀዝቀዝ ሕክምናው በአንድ ጊዜ ስንት እንደሚያስከፍልና ናይትሮጅኑ በእጃቸው መኖሩን ይጠይቁ፤ ፈሳሽ ናይትሮጅን በሌለበት ቀን ሄዶ መመለስ ያጋጥማልና። አንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃው ኪንታሮት ጥቂት ስለሆነ ዋጋውን በሦስት ወይም በአራት አባዝቶ ማሰብ ይሻላል። «በአንድ ቀን፣ ያለ ሕመም፣ እንዳይመለስ አድርገን እናጠፋለን» የሚል ማስታወቂያ ካዩ ወደዚያ አይሂዱ፤ ይህን ቃል ሊሰጥ የሚችል ሕክምና የለም።

በቀጠሮው ቀን

እጅዎንና እግርዎን እንሶስላ፣ ሂና ወይም የጥፍር ቀለም ሳይቀቡ ይሂዱ፤ ቀለሙ ሐኪሙ ሊያያቸው የሚገባውን መስመሮችና ነጠብጣቦች ይሸፍናል። እብጠቱ ሲጀምር ያነሱት ፎቶ ካለ፣ በተለይም መጠኑ እንዲታወቅ ሳንቲም አጠገቡ አስቀምጠው ያነሱት ከሆነ፣ ብዙ ይረዳል። እስካሁን የተጠቀሙባቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው ይዘው ይሂዱ፤ የባህል መድኃኒትም ከሆነ ሳያፍሩ ይንገሩ። እርጉዝ ከሆኑ፣ ስኳር ካለብዎት፣ የደም ማቅጠኛ ወይም የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪሙ ሳይጠይቅዎት ይናገሩ። «ዶክተር፣ ይህ ኪንታሮት መሆኑን በምን ለዩት?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም፤ ደህና ሐኪም በደስታ ያስረዳል።

በብዛት የሚሰጠው ሕክምና በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ ነው። ናይትሮጅኑ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀዘቅዝ እንደ ፔርሙዝ ባለ ልዩ ዕቃ ይቀመጣል፤ ክዳኑ ሲነሣ ነጭ ጭጋግ ከአፉ ይፈስሳል። ሐኪሙ በጥጥ በተጠቀለለ እንጨት ወይም በመርጫ ኪንታሮቱን ሲነካው ቆዳው ወዲያው ይነጣል፤ ንጣቱም ከኪንታሮቱ ዳር አልፎ ጠባብ ቀለበት ሲሠራ ያቆማል። ይህ ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ቢወስድ ነው። ስሜቱ መጀመሪያ የሚወጋ፣ ቆይቶ የሚያቃጥል ሲሆን፣ ቆዳው ሲቀልጥ ይበልጥ ይጠዘጥዛል፤ በጣት ጫፍና በውስጥ እግር ላይ ይበረታል። በማግስቱ ውኃ የቋጠረ፣ አንዳንዴም ደም የቀላቀለ እብጠት ይወጣል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። አይቅደዱት፤ በሳሙናና በውኃ አጥበው በንጹሕ ፋሻ ይሸፍኑት፤ መግል ከያዘ፣ መቅላትና ሙቀት ወደ ዙሪያው ከተስፋፋ ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን ተመልሰው ይታዩ። ሕክምናው በየ2 ወይም በየ3 ሳምንቱ ይደገማል።

ለእኛ ቆዳ አንድ ነገር ልጨምር። ለቆዳ ቀለም የሚሰጡት ሴሎች ከሌሎቹ ቀድመው በብርድ ስለሚሞቱ፣ ኪንታሮቱ ከዳነ በኋላ ነጣ ያለ ምልክት ለወራት፣ አልፎ አልፎም ለዘለቄታው ሊቀር ይችላል። ፊት ላይ ላለ ኪንታሮት ይህን ከመጀመሪያው አንሥተው ከሐኪሙ ጋር ይመካከሩ፤ ቀለል ያለ ቅዝቃዜ ወይም የሚቀባ መድኃኒት ሊመርጥልዎት ይችላል። በኤሌክትሪክ ማቃጠልና በሌዘር ማንሣትም አሉ፤ የሚሠሩት በመርፌ አደንዝዞ ነው፤ ጠባሳ የመተው ዕድላቸው ስለሚበልጥ ሌላው ሲያቅት የሚመጡ ቢሆኑ ይመረጣል።

በብልት አካባቢ ሲሆን

ይህ ክፍል ከሁሉ ይልቅ ሰዎችን የሚያሸማቅቅ ስለሆነ ግልጽ ንግግር ይገባዋል። የብልት ኪንታሮት በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ሲሆን፣ ከወራት በኋላም ሊታይ ስለሚችል መታየቱ ብቻ በትዳር ውስጥ አለመታመን መኖሩን አያረጋግጥም። የሚያመጡት 6 እና 11 ቁጥር ዓይነቶች ለካንሰር የሚያጋልጡ አይደሉም፤ የማኅፀን በር ካንሰርን በዋናነት የሚያመጡት 16 እና 18 ናቸው። ሆኖም አንዱ ያለበት ሰው ሌላውም ሊኖርበት ስለሚችል፣ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለች ሴት በጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የማኅፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ማድረግ ይኖርባታል። ቂጥኝም ተመሳሳይ እብጠት ሊያወጣ ስለሚችል የደም ምርመራ ሊታዘዝ ይችላል። በፊንጢጣ ዙሪያ የወጣ ሻካራ እብጠት ደግሞ ሳይታይ የፊንጢጣ ኪንታሮት ቅባት ሊገዛለት አይገባም፤ ሁለቱ የተለያዩ ሕመሞች ናቸው።

ለዚህ ቦታ ፖዶፊሊን፣ ኢሚኩዊሞድ ወይም ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል፤ ፖዶፊሊን ለእርጉዝ ሴት የተከለከለ ነው። በሴት ሐኪም ለመታየት ከፈለጉ ካርድ ሲያወጡ መጠየቅ መብትዎ ነው። የትዳር ጓደኛም መታየት አለበት። በልጅ ብልት አካባቢ ኪንታሮት ቢታይ ከወሊድ ወይም ከእጅ ንክኪ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ጥቃት ደርሶበትም ሊሆን ስለሚችል ግን ልጁን ሳያስፈራሩና ሳይመረምሩ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። በመሐል ከተማ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለእንዲህ ያለው ጉዳይ የሕክምናና የሕግ እርዳታን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለው። ኢትዮጵያ ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ በትምህርት ቤቶች ለልጃገረዶች የምትሰጠው የኤችፒቪ ክትባት የወጣ ኪንታሮትን አያድንም፤ ገና ቫይረሱ ላልያዛት ልጅ ግን ከማኅፀን በር ካንሰር ትልቅ መከላከያ ነውና ተራዋ ሲደርስ አይለፋት።

ሳይድን ቢቀር

በየ3 ሳምንቱ ተመላልሰው 3 ወር ካለፈና ኪንታሮቱ ምንም ካልቀነሰ፣ ያንኑ ሕክምና መደጋገም ብቻ በቂ አይደለም። ሐኪሙ የመጀመሪያ ግምቱን ደግሞ እንዲያየው፣ ዘዴ እንዲቀይር፣ አስፈላጊ ሲሆንም ትንሽ ናሙና ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት የፓቶሎጂ ክፍል እንዲልክ ይጠይቁ። ወደ ሌላ ስፔሻሊስት ለመሄድ ከወሰኑ የተደረገልዎትን ሕክምና፣ የተሠራባቸውን ቀናትና የናሙናውን ውጤት የያዘ የሕክምና ማጠቃለያ ከመጀመሪያው ክሊኒክ ጠይቀው ይውሰዱ፤ አዲሱ ሐኪም ከዜሮ ሳይጀምር ካለፈው ቀጥሎ እንዲሠራ ያስችለዋል።